ላፕቶፕ ቅኝት ያውቃል? ስለ ኮምፒውተር ሙዚቃና ስለ ቲዎሪ የሚነገሩ ዘጠኝ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ድሮ አንድ ዘፈን ተቀናብሮ እስኪቀዳ ድረስ ባንድ፣ ስቱዲዮና ገንዘብ የሚያወጣ አሳታሚ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫና እንደ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ወይም ኤብልተን ላይቭ ያለ ሶፍትዌር ካለ መኝታ ቤትም ስቱዲዮ ይሆናል። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚታወቀው አቀናባሪ እንደገና ሙሉ፣ የአገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሕደው አሰምተውናል። ሮፍናንም እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለ አልበሙን ይዞ ብዙ አድማጭ ዘንድ ደርሷል። እነሱን ሰምቶ «እኔስ ለምን አልሞክርም?» ያለ ወጣት ጥቂት አይደለም።

ይህ ጀማሪ ሶፍትዌሩን ገና ሳይከፍት ሁለት የሚጣረሱ ምክሮች ይደርሱታል። አንዱ መካሪ «ቲዎሪ ድሮ ቀረ፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይሠራልሃል» ይለዋል። ሌላው «ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳትገባ እንዳትነካው» ብሎ ያስፈራራዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በኮምፒውተር ሙዚቃ ለመሥራት የሚያስፈልገው ቲዎሪ ጥቂት ነው፤ ያንን ጥቂት ግን የትኛውም ሶፍትዌር ሊተካው አይችልም። ከዚህ በታች በተደጋጋሚ የሚሰሙትን አባባሎች ከእውነታው ጋር እናስተያያለን። ለማነጻጸር እንዲመች፣ ካልተጠቀሰ በስተቀር ሁሉንም ቅኝት (ባለ አምስት ድምፁን የአገራችን ስኬል) ከዶ እናስነሳለን።

1. «ሶፍትዌሩ ስኬሉን ስለሚያውቅ እኔ ማወቅ አያስፈልገኝም»

እውነታው፦ ብዙ ሶፍትዌሮች ስኬል ሲመረጥላቸው ከስኬሉ ውጭ ያሉትን ቁልፎች ያደበዝዛሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሰው ይዘጓቸዋል። «ሜጀር ፔንታቶኒክ» የሚለውን የመረጠ ሰው የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች ያገኛል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። «ማይነር ፔንታቶኒክ»ን የመረጠ ደግሞ የባቲ ማይነርን ያገኛል፦ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት። የትዝታ ማይነር ድምፆች (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ውስጥ «ሂራጆሺ» በሚል የጃፓን ስም ተቀምጠዋል። እስከዚህ ድረስ ማሽኑ ጠቃሚ ረዳት ነው።

አሁን አምባሰልን እንመልከት። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ትዝታ ማይነርን ደግሞ ከፋ እናስነሳው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አምስቱ ቁልፎች አንድ ናቸው። ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ ናቸው፤ ከዶ የተነሳ ባቲ ማይነር ከሚ ፍላት ከተነሳ ትዝታ ሜጀር ጋር ቁልፎቹን ሙሉ በሙሉ ይጋራል።

እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ሐረጉ የሚዘጋው በየትኛው ድምፅ ነው? ቤዙ የሚይዘው የቱን ነው? ዘፋኙ ትንፋሽ ከወሰደ በኋላ የሚመለሰው ወዴት ነው? አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። ኮምፒውተሩ ለሁለቱም ቅኝቶች ያንኑ አምስት ቁልፍ ያበራል፤ ማረፊያውን ግን አይመርጥም። አምባሰል ልሥራ ብሎ የጀመረ ሰው ቤዙን ፋ ላይ አስቀምጦ ዜማውንም እዚያው ከቋጨ፣ አንድም «የተሳሳተ» ቁልፍ ሳይነካ ከትዝታ ማይነር ደጃፍ ይደርሳል።

የዘፈንን ቁልፍ ፈልገው የሚናገሩ ፕሮግራሞችም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ብዙዎቹ የሚመርጡት ከ24 መልሶች አንዱን ነው፤ ከ12 ሜጀርና ከ12 ማይነር። አንቺ ሆዬ የተባለው ቅኝት ከእነዚህ ውስጥ ስለሌለ ፕሮግራሙ የግድ አንዱን ይሰጠዋል፤ ዲጄውም ያንን አምኖ ሁለት የማይስማሙ ዘፈኖችን ያጋጫል።

2. «የተዘጋጀ የኮርድ ጥቅል እያለ ኮርድ መማር ከንቱ ድካም ነው»

እውነታው፦ በአንድ ጣት ሲነኳቸው ሙሉ ኮርድ የሚያወጡ መሣሪያዎችና ተዘጋጅተው የሚሸጡ የኮርድ ጥቅሎች በአብዛኛው የተሠሩት በምዕራቡ ዓለም የፖፕ ልማድ ነው። መሠረታቸው ሦስት ድምፅ ነው፦ መነሻው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው። ትዝታና ባቲ ይህን ልማድ ይቀበሉታል። በትዝታ ሜጀር ውስጥ የዶ ሜጀርና የላ ማይነር ኮርዶች ይገኛሉ፤ በትዝታ ማይነር ውስጥ ደግሞ የዶ ማይነርና የላ ፍላት ሜጀር ኮርዶች አሉ።

አምባሰል ግን ከዶ በላይ ሚም ሆነ ሚ ፍላት የለውም። ከጥቅሉ ውስጥ ዶ ማይነርን ወስዶ ያስቀመጠ ሰው ሚ ፍላትን በእንግድነት አስገብቷል፤ ዶ ሜጀርን የወሰደ ደግሞ ሚን አስገብቷል። በቅኝቱ ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ሙሉ ኮርዶች ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ ሁለቱም ጆሮን ከዶ ያርቁታል። ፋ ማይነር ሲበዛ እንዲያውም ቀደም ብለን ያየነው ስህተት ይደገማል፤ ዘፈኑ ወደ ትዝታ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ አቀናባሪ ዶን እንደ ረጅም ድምፅ ከሥር ይይዘውና ከላዩ ፋንና ሶልን ያስቀምጣል። የዶ ሦስተኛ (ሚ ወይም ሚ ፍላት) ስለሌለበት ሜጀርም ማይነርም አይባልም፤ አምባሰል ግን አምባሰል ሆኖ ይቀራል።

አንቺ ሆዬ ከዚህም ይብሳል። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው። በሮክም ሆነ በዳንስ ሙዚቃ የሁሉ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው የዶና የሶል ጥንድ እዚህ ቅኝት ውስጥ የለም፤ ሶል የለማ። ከሥር ዶንና ሶልን ይዞ የሚቆይ ሲንተሳይዘር ቢጨመርበት ሶል ከዜማው ሶል ፍላት ጋር ይጋጫል። በአንጻሩ ቅኝቱ ሌላ ሀብት አለው፤ ፋ ሜጀርና ፋ ሻርፕ ማይነር የተባሉት ኮርዶች ሁለቱም በውስጡ አሉ (ፋ ሻርፕ ከሶል ፍላት ጋር አንድ ቁልፍ ነው)፤ መነሻቸው በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቅ ሲሆን ላን ይጋራሉ። ለጨለማ ቴክኖ ከዚህ የተሻለ ጥንድ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የትኛውም የተዘጋጀ ጥቅል ግን ለአንቺ ሆዬ ይህን መርጦ አይሰጥዎትም።

3. «ቲዎሪ የፈረንጅ ነው፤ የእኛን ሙዚቃ አይመለከትም»

እውነታው፦ ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ከአውሮፓ መጥቷል። ሙዚቃን በሥርዓት መክፈል፣ መሰየምና ማስተማር ግን ከውጭ የመጣ አይደለም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ ይከፈላል። ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥና ሌሎችም ምልክቶች በቃሉ ላይ ተጽፈው ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ያሳያሉ። ተማሪው ዜማውን ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ ለዓመታት ያጠናል። አዝማሪውም ቢሆን ማሲንቆውን ይዞ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቃል። ሁሉም ቲዎሪ ነው።

ሁለቱን ዕውቀቶች ማገናኘት እንደሚቻልም ሰው አሳይቶናል። ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በብሪታንያ፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተምሮ አምስቱን ድምፅ በአሥራ ሁለቱ ድምፅ ከሚሠራው ጃዝ ጋር አዋሐደ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው አልበሙ የቆዩ ዜማዎችን በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ተጫውቷል። መሣሪያው የውጭ ነው፤ ቅኝቱ ግን አልጠፋም።

አባባሉ ግን አንድ እውነት አለው፤ እሱም ከመሣሪያው ልክ ጋር የተያያዘ ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አንድን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት፣ ድምሩም 1200 ሴንት ነው። በጆሮ የሚቃኝ ክራር በእነዚህ ልኮች ላይ በትክክል እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ነገር የለም። አውሮፓውያኑ ራሳቸውም ቢሆኑ ሁለት ድምፆች ያለ መርገብገብ የሚስማሙበት ሜጀር ሦስተኛ ወደ 386 ሴንት ገደማ እንደሆነ፣ ኪቦርዱ ግን 400 እንደሚሰጣቸው ያውቃሉ። ስለዚህ የተቀዳ ክራር ከሲንተሳይዘር ጋር ሲጣመር ጥቂት ቢያንገራግር ክራሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኤብልተን ላይቭ 12 የ12ቱን ድምፆች ልክ መቀየር ያስችላል። ሲንተሳይዘሩን ወደ ክራሩ ማምጣት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበው የዘፋኝ ድምፅ ማስተካከያ፣ ኦቶቲዩንም ያው ነው። አንቺ ሆዬ በሚዘፍን ድምፅ ላይ «ዶ ሜጀር» ብለው ካስቀመጡት ሬ ፍላትን ወይ ወደ ዶ ወይ ወደ ሬ ይጎትተዋል፤ ዘፋኙ ያላለውን ያስብለዋል። ወይ አምስቱን ድምፆች ራስዎ ይምረጡለት፣ ወይ 12ቱንም ክፍት ይተዉለት። ለዚህ ግን ዘፈኑ በየትኛው ቅኝት እንደሆነና ከየት እንደሚነሳ ማወቅ የእርስዎ ፈንታ ነው።

4. «ሜጀር ለደስታ፣ ማይነር ለሐዘን ነው»

እውነታው፦ ይህን አባባል ለማፍረስ ከትዝታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በብዙ አገር የሕፃናት መዝሙር ይሠራበታል፤ በእኛ ዘንድ ያው አምስት ድምፅ ናፍቆትና ትካዜ ይዘፈንበታል። ስሜትን የሚወስነው ስኬሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የምቱ ፍጥነት፣ የዜማው አካሄድ፣ የድምፁ ቀለም፣ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ፣ ከሁሉም በላይ አድማጩ በልጅነቱ የሰማው ሁሉ አብረው ይሠራሉ። አሳዛኝ ነገር ለመሥራት ፈልጎ ሁልጊዜ ማይነርን የሚመርጥ አቀናባሪ መሣሪያውን በግማሽ ይጠቀማል።

5. «ኖታ ማንበብ ካልቻልኩ ቲዎሪ አልችልም»

እውነታው፦ ኖታ ሙዚቃን መጻፊያ አንዱ መንገድ ነው። ለስቱዲዮ ሙዚቀኞች፣ ለመዘምራን ወይም ለኦርኬስትራ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ቢማረው ይጠቅመዋል። በኮምፒውተር ለሚሠራው ግን የየቀኑ ገጽ ፒያኖ ሮል ነው፦ ቁመቱ የድምፁን ከፍታ፣ ርዝመቱ ጊዜውን ያሳያል። ከሥሩ ያለው ቋንቋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ ነው። በሚዲ እያንዳንዱ ቁልፍ ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። የፒያኖው መካከለኛ ዶ 60 ነው፤ አንድ ቁጥር መጨመር ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት፣ 12 መጨመር ኦክታቭ መውጣት ነው።

በዚህ አቆጣጠር አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ነው። አንቺ ሆዬ 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69 ነው። በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ያስተዋለ ሰው ቅኝቱን ከየትኛውም ቁልፍ ሊያስነሳው ይችላል። አንድም መስመር ኖታ ሳያነብ ቲዎሪ ተምሯል ማለት ነው።

6. «ቲዎሪ ፈጠራን ይገድላል»

እውነታው፦ የግብፁ ሃሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ድምፆችን በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ በሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ በገደል ማሚቶና በማስተጋባት ቀይሮ አንድ ሥራ ሠራ። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ሄዶ የሙዚቃ ድርሰትን በወጉ ተማረ፤ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከልም ሠራ። ትምህርቱ ድፍረቱን አልቀነሰበትም። ይኸው ሰው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ የተለያዩ አካባቢዎችን የባህል መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1968 የባክን ሥራዎች በሙግ ሲንተሳይዘር ተጫውታ ብዙ አድማጭ ያገኘችው ዌንዲ ካርሎስም ሙዚቃንና ፊዚክስን የተማረች ነበረች።

«ቴክኖንና ሃውስን የጀመሩት የዲትሮይትና የቺካጎ ልጆችስ? ትምህርት ቤት ገቡ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ መሣሪያ ይዘው በጆሯቸው ሠርተዋል። ነገር ግን በቴክኖ ታሪክ ስሙ የሚነሳውን የዴሪክ ሜይን የ1987 ሥራ «ስትሪንግስ ኦፍ ላይፍ»ን ያስታውሱ። መሠረቱ ማይክል ጄምስ የተባለ ፒያኖ ተጫዋች ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ሜይ ቆርጦና አፍጥኖ ሌላ ነገር አደረገው። በአንዱ ጣቶች ውስጥ ያለው ዕውቀት በሌላው ጆሮ ተለወጠ። «ያለ ቲዎሪ ተሠራ» የሚባለው ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያውቅ ሰው አለ።

ቲዎሪ ሕግ የሚመስለው በአንድ ዘመን ልማድ ላይ ብቻ ተመሥርተው ሲያስተምሩት ነው። በአውሮፓ የክላሲክ ትምህርት ሁለት ድምፆች የአምስተኛ ርቀታቸውን ጠብቀው አብረው እንዲወጡና እንዲወርዱ አይፈቀድም። በሃውስ ሙዚቃ ግን አንድ የተቀዳ ማይነር ኮርድ በሳምፕለር ቁልፎች ላይ ይዘረጋል፤ የትኛውም ቁልፍ ሲነካ ሙሉው ኮርድ ርቀቱን ሳይቀይር ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። የተከለከለው ነገር የዘውጉ መታወቂያ ሆነ። ክልከላውንም ጥሰቱንም የሚያውቅ ሰው መቼ የትኛውን እንደሚጠቀም ይመርጣል፤ የማያውቅ ሰው በአጋጣሚ ሲሆንለት ደስ ይለዋል፤ ሳይሆንለት ሲቀር ግን ምክንያቱን አያገኘውም።

7. «ቲዎሪ ለዜማና ለኮርድ ነው፤ ምት በስሜት ነው የሚሠራው»

እውነታው፦ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ኮርዱ ቀላል፣ ምቱ ውስብስብ ነው። ስለዚህ የምት ቲዎሪ ከሁሉ ቀድሞ መማር ያለበት ነው።

ሶፍትዌር ሲከፈት የሚያሳየው ባለ አራት ምት መስመር ነው፤ አንዱ ምት በአራት ተከፍሎ በጠቅላላው 16 ሳጥን ይሆናል። ችክችካ የተባለው የአገራችን ምት ግን ብዙ ጊዜ በ6/8 የሚጻፍ ነው፤ ምቱ የሚከፈለው በሦስት ነው። በ16ቱ ሳጥን ላይ ችክችካ ለመሥራት የሚታገል ጀማሪ ከምቱ ጋር ሳይሆን ከሳጥኑ ጋር እየታገለ ነው። መስመሩን ወደ 12 ሳጥን ይቀይሩት፤ አራት ምት፣ እያንዳንዱ በሦስት። ነገሩ ወዲያው ቦታ ቦታውን ይይዛል።

አንዳንዶች 16ቱን ሳጥን ይተዉና «ስዊንግ» የሚለውን ቁልፍ ያዞሩታል። ይህ ግማሽ መፍትሔ ነው። ስዊንግ የሚሠራው ከጥንድ ሳጥኖች ሁለተኛውን በማዘግየት ነው። በብዙ መሣሪያዎች 50 በመቶ ማለት ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ 66 በመቶ ሲደርስ ሁለተኛው ሳጥን ከሦስቱ ክፍሎች በሦስተኛው ላይ ያርፋል። የመካከለኛው ክፍል ቦታ ግን አሁንም የለም። ከበሮው ያንን መካከለኛ ሲፈልገው ስዊንግ አያገኝለትም፤ በሦስት የተከፈለ መስመር ያገኝለታል።

የኢኮው ጊዜም የዚሁ ስሌት ነው። 60,000ን ለቴምፖው ያካፍሉ፤ የአንድ ምት ርዝመት በሚሊ ሰከንድ ይመጣል። በ120 ቴምፖ 500 ነው። ሩቡ 125፣ ሲሶው ወደ 167 ገደማ ነው። ችክችካ ላይ ኢኮን በ125 ያስቀመጠ ሰው ከበሮውን ከራሱ ኢኮ ጋር ያጣላል፤ 167 ላይ ሲያደርገው ኢኮው ራሱ ሌላ ከበሮ ሆኖ ያጅበዋል።

8. «ቤዙ ከተድበሰበሰ የሚክሲንግ ችግር ነው»

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከሚክሲንግ በፊት፣ ድምፆቹ ሲመረጡ ነው። ላ እና ከላዩ ያለው ዶ በመካከለኛው ክልል በ440 እና በ523 ሄርዝ ይርገበገባሉ፤ ልዩነታቸው 83 ስለሆነ ጆሮ ሁለት ድምፅ ብሎ ይለያቸዋል። እነዚያኑ ሁለት ድምፆች ሦስት ኦክታቭ ያውርዷቸው፤ 55 እና 65 ገደማ ይሆናሉ። ልዩነታቸው 10 ብቻ ነው፤ ጆሮ ሊለያያቸው ስለማይችል ሻካራ ጉርምርምታ ይሰማል። ከላይ ያማረ ኮርድ ከታች ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከታች አንድ ድምፅ፣ ቢበዛ ከኦክታቩ ወይም ከአምስተኛው ጋር፤ ሦስተኛውን ወደ ላይ ማውጣት።

ኪክም (የድራሙ ዝቅተኛ ምት) የራሱ ድምፅ አለው። በተለይ የሮላንድ ቲ አር 808 ድራም ማሽንን የመሰለ ረጅም ኪክ እንደ ቤዝ ይዘምራል። ቤዙ 55 ሄርዝ ላይ ላን ይዞ ኪኩ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ 58 ላይ ቢቆም፣ ሁለቱ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል እየተጠናከሩና እየተሰራረዙ ይወዛወዛሉ። ይህን ኢኩዋላይዘር ሊያድነው አይችልም። ኪኩን ወደ ዘፈኑ ማረፊያ ድምፅ ወይም ወደ አምስተኛው ማምጣት ግን ያድነዋል፤ ቅኝቱ አንቺ ሆዬ ከሆነ አምስተኛው እንደሌለ ሳይዘነጉ።

9. «መጀመሪያ ቲዎሪውን ልጨርስ፣ ከዚያ እሠራለሁ»

እውነታው፦ የሚጨርሰው ሰው የለም። ቲዎሪን ለብቻው እያጠና ሥራውን ለነገ የሚያቆይ ሰው ስሞችን ያከማቻል፤ ጆሮው ግን አይሠለጥንም። «እኔ የሙዚቃ ጆሮ የለኝም» የሚለውም ምክንያት አይሆንም። ያለ ምንም ማነጻጸሪያ የሰሙትን ድምፅ በስሙ የመጥራት ችሎታ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሙዚቀኛ የሚሠራው በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት በመለየት ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? በቃልዎ የሚያውቁትን አንድ የአገርዎን ዘፈን ይምረጡ። ሶፍትዌሩን ሳይከፍቱ ያንጎራጉሩትና ዜማው «አለቀ» የሚያሰኘውን ድምፅ ይያዙ፤ ማረፊያው እሱ ነው። ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ያንን ድምፅ ይፈልጉትና የቀሩትን አራቱን አንድ በአንድ ያግኙ፤ ከማረፊያው ስንት ግማሽ ድምፅ እንደሚርቁም ይቁጠሩ። እያጨበጨቡ ምቱ በሦስት ወይስ በአራት እንደሚከፈል ይለዩ፤ የሶፍትዌሩን መስመር በዚያው ልክ ያስተካክሉ። ቤዙን ማረፊያው ላይ ብቻ ያድርጉት። በመጨረሻ ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጡ አንድ ኮርድ ይሥሩ። ስኬል፣ ርቀት፣ ምት፣ ኮርድና የድምፅ ክልል የሚባሉት የቲዎሪ ርዕሶች በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ሁሉም ተነክተዋል። በሌላ ቀን ሌላ ቅኝት ይዘው ይድገሙት።

ሶፍትዌር በየዓመቱ ይሻሻላል፤ ዛሬ ስኬል የሚያሳይ ነገ ሙሉ ቅንብር ሊያወጣ ይችላል። የሚያወጣው ግን በብዛት ከሰማው ነው፤ እሱም በአብዛኛው አምባሰልና አንቺ ሆዬ አይደለም። እነዚህ ቅኝቶች በአዲሱ ሙዚቃ ውስጥ በትክክለኛ መልካቸው እንዲሰሙ የሚፈልግ ወጣት ማረፊያቸውን ራሱ ሊያውቅላቸው ይገባል። ላፕቶፑ በእጅዎ ካለ ትምህርቱን ዛሬ ማታ ይጀምሩት።